አባትሽ በር ላይ የፈላው ራዲያተር

ውድ ትሕትና፣

እሁድ ከሰዓት ደውለሽ «እንዴት ሆነ?» ስትዪኝ «ደህና ነው፣ ሽማግሌዎቹ ደርሰው ተመልሰዋል» ብዬ ዘጋሁብሽ። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን እንኳ አልነገርኩሽም። ይህን ደብዳቤ እዚያ ሐዋሳ ሥራሽ ላይ ተረኛ በማትሆኚበት ቀን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሚያስቅሽ ቦታ ብዙ ነው፤ ሳቂ፣ አልቀየምም።

በደንቡ እኔ እዚያ መገኘት አልነበረብኝም። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን እየቆረጠመ ይጠብቃል እንጂ የልጅቷ አባት ሰፈር ድርሽ አይልም። ግን ያቺን ሰማያዊ ዲኤክስ መኪናዬን ከእኔ በቀር ማን ያስነሳታል? አጎቴ በንቲ አስበው አስበው «እንግዲያው ከቤታቸው ራቅ አድርገህ ታቆማለህ፤ ከመኪናው እንዳትወርድ» አሉኝ። ማልኩላቸው።

መኪናዋ ወር ሙሉ ስትፈላ እንደነበር ታውቂያለሽ። ራዲያተሩን አሳጠብኩ፣ የውሃ ፓምፑን ቀየርኩ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጠበቅሁ፤ እሷ ግን ዳገት ባየች ቁጥር እንፋሎቷን ትለቃለች። ሦስት መካኒኮች አይተዋታል። ሦስቱም መጀመሪያ የጠየቁኝ ያንኑ ነው፦ «ራስህ የነካካኸው ነገር አለ?» «ምንም» እላለሁ። ሦስቱንም ዋሽቻቸዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹን፣ አጎቴንና ሁለት ጓደኞቻቸውን፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጫንኩ። ሦስቱም አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው። አባትሽ በሰዓት ቀልድ እንደማያውቁ፣ የእህትሽን የሣራን ሽማግሌዎች ሩብ ሰዓት ስላረፈዱ ብቻ ለሌላ ወር እንደመለሷቸው ስለነገርሽኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ደግሞ ሌላ ወር የምችል አልመሰለኝም።

ወደ እናንተ ሰፈር ስንሄድ ገና ሀና ማርያም ሳንደርስ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። አንዱ መካኒክ ያሳየኝ ዘዴ አለ፤ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ስትከፍቺው የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስባል። ከፈትኩት። ፀሐይዋ ከርራለች፣ ሦስት ጋቢ፣ አንድ ማሞቂያ።

«መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ላድርገው» ብዬ የእኔን ከፈት አደረግሁ።

«በላባችን ላይ ንፋስ ልታስመታን ነው?» አሉ አጎቴ። «ዝጋው፣ ዝጋው።»

ዘጋሁት። አንደኛው ሽማግሌ ራሰ በራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አጎቴ ላቡ በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ፎቅ ፎቁን እያሳዩ «እዚህ ጋ ጤፍ ነበረን፤ ያ ባንክ ያለበት ደግሞ ሽምብራ» ይላሉ። መስኮት ለመክፈት ግን አንዳቸውም አልደፈሩም።

ራቅ አድርጌ ላቆም የማልኩት ሰውዬ ግቢያችሁ በር ላይ ቀጥ አልኩ። መኪናዋ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድም አለች። ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ከወንዝ የወጡ ይመስል ርሰው ወረዱ። እናትሽ ደንግጠው ፎጣና ውሃ ይዘውላቸው ገቡ። አባትሽ ግን አልገቡም። እንፋሎቱን አይተው ወደ እኔ መጡ።

«ማነህ?»

«ሾፌሩ ነኝ።»

ኮፈኑን ከፈቱ። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ የሠራ ሰው ሞተር ሲያይ እንዴት እንደሚያጎነብስ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። «ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ» አሉኝና እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ቀና ብለው «ራስህ የነካካኸው ነገር አለ?» አሉ።

«ምን...» ብዬ ጀመርኩ። ፊታቸውን ሳይ ዓይናቸው ያንቺው ነው። አቃተኝ። «የክዳኑ ጎማ አልቆ ውሃ ሲያፈስ ፌስታል አጥፌ ሥሩ ጠቀጠቅሁበት» አልኩ። «በር በያጅ ነኝ፣ ክዳን ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። መካኒክ ጋ ስሄድ አወጣዋለሁ፣ ስመለስ አዲስ እከትበታለሁ።»

አባትሽ ክዳኑን ፈትተው የውሃውን መንገድ የዘጋ አንድ እፍኝ የሚሆን ቁርጥራጭ ፌስታል በፒንሳ ከራዲያተሩ አወጡ። ሳቁ፣ ትሕትና። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ስምህ ማነው?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ፍሮምሳ።»

ሳቁ ቆመ። በር ላይ ብቅ ያሉት አጎቴ በንቲ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሁሉም ነገር አበቃ ብዬ ነበር።

«ሽማግሌ የላክኸው አንተ ነህ?»

«ነኝ። ሾፌርም ነኝ ግን።»

ፒንሳውን በጨርቅ እየወለወሉ «ልጄን አንተ ራስህ ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

«ሽማግሌ መቼ ነው የምትልከው ስትለኝ ከፋሲካ በኋላ አልኳት» አልኩ።

«እሱማ እሷ ጠየቀችህ እንጂ አንተ መቼ ጠየቅሃት?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለምንከራየው ቤት፣ ስለ መጋረጃው ቀለም፣ ልጅ ስንወልድ ስለምናወጣለት ስም እንኳ ተከራክረናል። ያንን አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቅሁሽም። እንቢ ትዪኛለሽ ብዬ እየፈራሁ ነበር፤ ጨዋታ እያስመሰልኩ አለፍኩት። አንቺም ደክሞሽ ይሆናል ራስሽ የጀመርሽው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አባትሽ ለሽማግሌዎቹ «ልጅቷን ሳልሰማ መልስ አልሰጥም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ» ብለው በክብር ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ በታክሲ ተመለሱ፤ አጎቴ እዚያም መስኮት አዘግተዋል አሉ። እኔን ግን አባትሽ አስቀሩኝ። «ስልክ አይሆንም፣ ጻፍላት» አሉኝ። «እናቷን የጠየቅኳት በደብዳቤ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።» መኪናዋን ደግሞ ግቢያቸው አስገብተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ቅዳሜ አዲስ ክዳን ይዤ ሄጄ አብረን እንሠራታለን፤ እንዴት እንደጓጓሁ አትጠይቂኝ። የመልስሽን ወረቀት ሳያዩ ግን ቁልፉን እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል።

መኪናዋ ብትፈልግ እዚያው ትክረም። እኔ አባትሽ ስላዘዙኝ ሳይሆን ድሮ ማለት ስለነበረብኝ ነው የምለው። ትሕትና፣ እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?

ፍሮምሳ
ከመካኒሳ