ከእማዬ ሳጥን የወሰድኩት ፓስፖርት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18፣ ድሬዳዋ

ዋሸሁ። ያውም ምንም ሳይጨንቀኝ! ሚኒባሱ ሂርና ቆሞ ሰው ሲያወርድ እማዬ ከበደሳ ደወለች። የት ነሽ አለች። ለስልጠና ድሬ እየሄድኩ ነው፣ ጥቂት ቀን ነው አልኳት። መሥሪያ ቤቴ ጠዋት ማታ ስለሚያሠለጥነን አልጠረጠረችም። "ለሚካኤል ብቻ እንዳትቀሪ" አለች። "እንዴታ!" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰሚራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው። ነገ በባቡር ጅቡቲ እንገባለን። ቅዳሜ 22 አርባ ዓመት ይሞላኛል። ሰሚራ የሂርና ልጅ ናት፤ ጭሮ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምንሠራው። "አርባን የባጃጅ ጥሩምባ እየሰማሽ ልታከብሪው ነው?" እያለች ከወር በላይ ነዘነዘችኝ። የአጎቷ ልጅ ጅቡቲ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ያውቃል። በዚህ ሰሞን አንድ ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳርቻው ይመጣል አሉ፤ የሻርክ ዘር ነው፣ ሰው ግን አይነካም። አብሮት ይዋኛል። እኔ መዋኘት አልችልም። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቅ ውኃ ክረምት ላይ መንገድ የሚዘጋብን ጎርፍ ነው።

ልደቱም ቢሆን የወረቀት ነው። መቼ ተወለድኩ ስላት እማዬ "ቡና እየተለቀመ" ብቻ ነው የምትለኝ። 22ቱ የፓስፖርቱ ነው።

ለምን ዋሸሁ? ጅቡቲ ስለሆነ። አክስቴ ጥሩነሽ፣ የእማዬ ታናሽ፣ በዚያ በኩል በጀልባ ዐረብ አገር ልትሻገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ፊት ጅቡቲ አይባልም። ሬዲዮ ላይ ከተጠራ ትዘጋዋለች።

ፓስፖርቴ ያለው ደግሞ እሷ ሳጥን ውስጥ ነበር። የቤቱ ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው፤ የአባቴ ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ፣ የጥሩነሽ ፎቶ። ቁልፉን ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች፤ ከእኔ ደብቃው አታውቅም። ባለፈው በደሳ ስሄድ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስማ እስክትመለስ ከፍቼ ወሰድኩት። ጨርቁን እንደነበረ አጣጠፍኩት፣ እንደ ሌባ። እንደ ምን? ሌባ ነኝ እንጂ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ባቡር ላይ

ቀኑን በሐበሻ የጻፍኩት ዛሬ ስለባነንኩ ነው። ጠዋት ወደ ጣቢያው ልንሄድ ስንል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ "የፊታችን ዓርብ ኅዳር ሚካኤል" አለ። ዓርብ! ከነገ ወዲያ! ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

እማዬ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በ12 በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጥቅምት ላይ ተራው ለእማዬ ደረሰ። ጉልበቷ ያማታል፤ ለመነሣት ስትንገዳገድ አሳዘነችኝና እኔ ብድግ ብዬ ጽዋውን ተቀበልኩ። "ሽር ጉድ ብዬ ነው የማስተናግዳችሁ" አልኩ በሰው ሁሉ ፊት። እልልታው ቀለጠ። ሙሴው፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ "እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን" ብለው መረቁኝ።

እንዴት ተምታታብኝ? ቢሮ ውስጥ ቀኑ የፈረንጅ ነው። ሪፖርቱ፣ ፈቃዱ፣ ስልኬ፣ ሁሉም። ሚካኤልን የማውቀው በእማዬ አፍ ነው። 22ቱንና 12ቱን አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁም፤ በዓሉ ከተመለስኩ በኋላ ነው ብሎ ጭንቅላቴ ለራሱ ወስኗል። ወይስ እንዳይታየኝ ፈልጌ ነው? ይህን ስጽፍ ፊቴን እየሞቀኝ ነው።

ዋናው ጥፋት ግን መርሳቱ አይደለም። መመለስ እችል ነበር። የጭሮ መኪና እየጮኸ ይጭን ነበር፤ በምሳ ሰዓት ጭሮ፣ ከዚያ በደሳ። ሰሚራም "ከፈለግሽ እንመለስ፣ ወላሂ አልቀየምሽም" አለችኝ። እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት። አርባ ዓመት አንዴ ነው አልኩ። ይቺን ቃል ከየት እንዳመጣኋት እንጃ።

ከጣቢያው ለእማዬ ደወልኩ። ስልጠናው ዓርብ አያልቅም፣ ስልክም ያስዘጉናል አልኳት። "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እንጀራሽ ነው" አለች። "አዴ ሞሚና አለችልኝ።" አዴ ሞሚና አጥር የምንጋራቸው ጫት ሻጭ ናቸው። ማኅበሩን እስላም ጎረቤት ሊደግስልኝ፣ እኔ ዓሣ ላይ ልሄድ!

ድንበሩን ስናልፍ ኔትወርኩ ጠፋ። እሰይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጅቡቲ

ሙቀቱ አይጣል ነው። የሰሚራ የአጎት ልጅ ቤት አረፍን፤ ደግ ሰው ነው፣ ሚስቱም እንደዚያው። ከዚህ ብደውል የውጭ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ አልደውልም። ውሸት ሲጀምሩት ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥበቃ የሚያስፈልገው።

ከሰዓት ባሕሩን አየሁት። ኧረ ስፋቱ! ጥሩነሽ ይህን አይታ ነው ጀልባ ላይ የወጣችው? ለሰሚራ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ የሚካኤል ዕለት

ቀኑን ሙሉ ሰዓት ሳይ ዋልኩ። አሁን ቄሱ መጡ። አሁን እማዬ ጠላው ቀጠነ ብላ ትጨነቃለች። ዓርብ ስለሆነ የጾም ነው፤ ሽሮውን ማን ያማስላል? ምስሩን ማን ይለቅማል? ጋኑን ማን ያነሣል? አግዳሚ ወንበሩን ከጎረቤት ማን ያመጣል? ሁሉንም "እኔ" ብዬ ነበር።

ሰሚራ ከጁምዓ በኋላ ገበያ ወሰደችኝ። ለእማዬ ነጠላ ጫማ ገዛሁ፣ ለጉልበቷ የሚስማማ፣ ለስላሳ። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ድሬ ነው የገዛሁት ልላት ነው። ሌላ ውሸት በጫማ መልክ! ሻንጣው ሥር ቀበርኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ወይም 22

አርባ ሞላኝ። ማለዳ ጀልባዋ ላይ ወጣን። እኔ፣ ሰሚራ፣ ባለጀልባውና ሦስት ፈረንጆች። ቀይ ተንሳፋፊ ሰደርያ አለበሱኝ፣ ፊቴ ላይ መነጽር አጣበቁብኝ፣ አፌ ውስጥ ቱቦ ወተፉ። ሰሚራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ባለጀልባው በአማርኛ "አይዞሽ እናት" አለኝ። እናት! አርባ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ሁሉም ዘለሉ። እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጬ ቀረሁ። ልመለስ፣ አልመለስ። "ኋላ በደሳ ምን ብለሽ ልታወሪ ነው?" አለች ሰሚራ ከውኃው ውስጥ። ማውራት እንደማልችል እሷም ረስታዋለች። ገመዱን ይዤ ወረድኩ፣ ጨው ጠጣሁ፣ ሚካኤልን ጠራሁ። በየትኛው አፌ እንደጠራሁት እንጃ።

ከዚያ ዓሣው ከሥሬ አለፈ። ሚኒባስ ያክላል። ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ፣ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ። አልቸኮለም፤ እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረኝ። ፍርሃቱ ጥርግ ብሎ ጠፋ። በቱቦው ውስጥ እንደ ልጅ ጮህኩ፣ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ መሰለኝ። ደስ አለኝ! በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ካልጻፍኩ ይሄም ውሸት ይሆንብኛል።

ጀልባዋ ላይ ሰሚራ ብስኩት ላይ ሻማ ተክላ ልታበራ ሞከረች፤ ነፋሱ አልፈቀደም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለእማዬ ልንገራት የሚል ነው። አሁኑኑ ደውዬ "እማዬ፣ ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ?" ልላት ፈለግኩ። ብስኩቱን ለሰሚራ መለስኩላት።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ድሬዳዋ

ድንበሩን እንዳለፍን ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ከሐሙስ እስከ ትናንት የእማዬ ቁጥር ብቻ፣ በላይ በላዩ፣ ለመቁጠር እንኳ ፈራሁ። ስልክ ያስዘጉናል ብያት ምን ያስደውላታል? አንድ የአዴ ሞሚና መልእክትም አለ፣ ሰው አስጽፈው። "ልጄ በአላህ ይሁንብሽ ድምጽሽን አሰሚን" ይላል።

ወዲያው ደወልኩ። አንሥታ "አለሽ?" አለች። አለሁ አልኩ። "እሺ" ብላ ዘጋችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ በደሳ

ጭሮ ወርጄ ቤቴን እንኳ ሳልረግጥ የበደሳ መኪና ያዝኩ። በር ላይ አዴ ሞሚና ተቀበሉኝ። "ያ ኢንተላ!" አሉ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ትከሻዬን በጥፊ አሉኝና መልሰው አቀፉኝ። የነገሩኝን እንዳለ ልጻፍ።

ሐሙስ እማዬ የጽዋውን መሸፈኛ ልታወጣ ሳጥኑን ከፈተች። ፓስፖርቱ የለም። ደወለች፣ ዝግ ነው። ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ መነሣት አቃታት። አዴ ሞሚና ለፖሊስ እንንገር ቢሏት "የልጄን ስም ፖሊስ ፊት አታንሺብኝ" አለች። ዓርብ ጠዋት ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። አዴ ሞሚና ከጠላው በቀር ሁሉንም ሠርተውላታል፤ ምስሩን ለቅመው፣ ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ወንበሩን አስመጥተው። ጋኑን ግን እማዬ ራሷ ገፋችው። ጉልበቷ ያበጠው ያኔ ነው።

ማኅበሩ ላይ ሙሴው ልጅሽስ አሉ። እማዬ ጽዋው ፊት ቆማ፣ "መሥሪያ ቤቷ ለስልጠና ድሬ ልኳታል" አለች። እያወቀች! ቄሱ ሥራዋን ይባርክላት አሉ፣ ሰው ሁሉ አሜን አለ። አበስኩ ገበርኩ! ጅቡቲ ገበያ ላለሁት ሴትዮ፣ ለስልጠናዬ ጸለዩልኝ።

ገባሁ። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ ተነሺ አላለችኝም። ሁሉንም ነገርኳት፣ ልደቱን፣ ባቡሩን፣ ዓሣውን፣ ረቡዕ መመለስ ስችል አለመመለሴንም። ፀሐይ የላጠውን አፍንጫዬን በጣቷ ነካችው። ከዚያ፣ "ጥሩነሽም 'ድሬ ነው የምሄደው' ብላኝ ነው የሄደችው" አለች።

ይህን አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም።

ቆይታ ፎቶውን አሳዪኝ አለች። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ብዙ አየችው። ጥልቅ ነው ወይ አለች። ጥልቅ ነው አልኩ። "ቀይ የለበስሽው አንቺ ነሽ?" እኔ ነኝ። "እሷ ይህን ልብስ ሰጥተዋት ይሆን?" አለች። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ታኅሣሥ 12 ማኅበሩ ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ አልኳት። "አንቺ እውነተኛ ስትሆኚ ውሸታሟ እኔ ልሆን ነው?" አለች። ጥፋቴን እንዳልናዘዝ እንኳ በእሷ ቃል ታስሬያለሁ።

ከማኅበሩ የቀረልኝን የዳቦ ድርሻ በወረቀት ጠቅልላ አቆይታልኛለች። ደርቋል። ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ፊቷ በላሁት። ጫማውን ሰጠኋት፣ ጅቡቲ ነው የገዛሁት አልኩ። የጅቡቲ ስም እሷ ፊት ከአፌ መውጣቱ ገረመኝ። ለካችው፤ ልኳ ነው፣ ግን መልሳ አወለቀችው።

ፓስፖርቱን አምጪ አለች። በድሮው ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ከጥሩነሽ ፎቶ ሥር አስገባችው፣ ሳጥኑን ቆለፈች። ቁልፉን ትራሷ ሥር አልመለሰችውም። ክር አምጪልኝ ብላ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።