ሳትሞት ያለቀስንልህ ለታ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አባተ፤ ካለህበት ጎንደር ከተማ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ ወገብህስ ተወህ? እቴ ያለምዘውድ እንዴት ናት? ማላኪ ቁመቱ አልፎህ ሄደ ወይስ ገና በትከሻህ ልክ ነው? ሹላሚትስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? የስግድ በዓላችንን እንዴት ዋላችሁ? እኛም እዚህ አሽዶድ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እምዬም ደኅና ናት፤ ደረጃ ሲበዛባት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምግቧም እንቅልፏም ጥሩ ነው። «ደኅና ናት» የሚለውን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረገጥ አድርጌ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ አሁን ትደርስበታለህ።

ከስግድ በፊት የነበረውን ያን እሑድ ታስታውሳለህ። ገና ፊትህን ሳትታጠብ እምዬ ደወለችልህና ከሰላምታ በፊት ማታ ምን እንደበላህ ጠየቀችህ። ሽሮ አልካት። በምን እንደበላኸው ደግሞ ጠየቀችህ። ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ሰምተህ ሠርግ አለ እንዴ ስትል ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ምን ሆናችሁ ነው እያልክ ትወጥረኛለህ፤ እኔም በደብዳቤ እነግርሃለሁ እያልኩ ስሸሽህ ሰነበትኩ። በስልክ ልነግርህ ስሞክር ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ እየመጣብኝ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አንብበው። አያ አባተ፣ ሞተህ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን በበዛበት ሰሞን የሕንጻችን ሰው ሁሉ ምድር ቤት ባለው መጠለያ፣ እዚህ ሚክላት በሚሉት፣ ተሰብስቦ ይቀመጥ ነበር። ልጄ ሞሪያ ድምፁን ስትሰማ እጇ ይቀዘቅዝ ስለነበር፣ ሐሳቧን ላስረሳት ብዬ የሌለ አገር ታሪክ እየፈጠርኩ አወራላት ጀመር። ወደቡ ላይ ክሬን የሚነዳው ጎረቤታችን ኡሪ ይህን ሰምቶ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ጠረጴዛ ከብበው የሚጫወቱበት ጨዋታ እንዳለ አሳየን። አንዱ ሰው አገሩን ይፈጥራል፤ መንገዱን፣ ገበያውን፣ ሕጉን፣ ሕዝቡን። ሌሎቹ በዚያ አገር የሚኖሩ ሰዎች ይሆኑና እዚህ ሄድኩ፣ እንዲህ አደረግሁ ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ቁጥር የተጻፈባት ባለ ብዙ ጎን ጠጠር ይጣላል፤ ጠጠሯ ያለችው ይሆናል። ሳይረኑ ቆመ፣ እኛ ግን አላቆምንም። በየሐሙሱ አድ ሃሎም ካለው መጋዘን ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ እራት እንበላና እንወርዳለን፤ እኔ፣ ሞሪያ፣ ኡሪና የሞሪያ የክፍል ጓደኛ ሻሌቭ። አገሪቱን የምፈጥረው እኔ ነኝ። ስሟ ወይራ ማዶ ይባላል። እህትህ የራሷ አገር አላት ማለት ነው፤ አትሳቅ።

መጀመሪያ የሠራኋትን አገር ግን ማንም አላመናትም። ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ፣ የወርቅ ቤተ መንግሥት፣ ክንፍ ያላቸው ወታደሮች አስገባሁ፤ እነሱ ያዛጋሉ። ኡሪ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚበሉ ይጠይቀኛል፤ አላውቅም። ሞሪያ ሲናደዱ በማን እንደሚምሉ ትጠይቀኛለች፤ አላውቅም። ኡሪን ከሁሉ ያበሳጨው ደግሞ ወንዙ ነበር። ከተራራው አውርጄ አውርጄ ወረቀቱ ሲያልቅብኝ ወንዙንም እዚያው ጨረስኩት። እሱ የወደብ ሰው ነው፤ መግቢያ የሌለው ውኃ እንቅልፍ ይነሣዋል። ወይ ባሕር ይግባ ወይ ይድረቅ ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። ስለዚህ ሌላ ወረቀት ቀጥዬ፣ ወንዙን በተራራው ሥር አዙሬ፣ በዋናው ከተማ ወደብ ባሕር አስገባሁለት። ይህን ወንዝ ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ የዳጉሳ ቂጣ ሰጠኋቸው፤ የማክሰኞ ገበያ ሰጠኋቸው፤ በግጦሽ የሚጣሉ ሁለት መንደሮች ሰጠኋቸው። ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። ሆኖም ከሳምንት ሳምንት የሚናፍቁት፣ ዛሬ ምን ይለን ይሆን የሚሉት ሰው አልነበረም። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ።

ሳላስፈቅድህ አስገባሁህ፤ እንግዲህ ቅር አይበልህ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ የገመድ ድልድይ ጠባቂ አደረግሁህ። ጋቢህን በግራ ትከሻህ ጣል አድርገህ፣ ከመናገርህ በፊት ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ቀልድህን ሳትጨርስ ራስህ ቀድመህ እየሳቅህ። ስምህን እንኳ አልቀየርኩም። በዚያ አገር አባተ ማንንም «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል አያሳልፍም፤ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሮ አንድ የዝምድና ክር ካላገኘ ገመዱን አይለቅም። ኡሪ ዘሩን መቁጠር አቅቶት ስንት ሐሙስ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ቀረ መሰለህ። በመጨረሻ እናቱ ቤት ሄዶ የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም አንድ በአንድ አጥንቶ መጣ። ለጨዋታ ብሎ የገዛ ዘሩን አወቀ። ወይራ ማዶ አገር የሆነችው ያን ለታ ነው።

እምዬ ይህን ሁሉ በሞሪያ በኩል ትሰማለች። በየሰንበቱ ሞሪያን አጠገቧ ታስቀምጥና «በዚህ ሳምንትስ አባተ ምን አለ?» ትላታለች። ጨዋታ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን ስምህ በቤቷ ሲነሣ ፊቷ ሁሉ ይበራል።

እንግዲህ ከስግድ በፊት በነበረው ሐሙስ በወይራ ማዶ ጎርፍ መጣ። አባተ ሰዉን ሁሉ አሻግሮ ከጨረሰ በኋላ ራሱ ድልድዩ ላይ ነበር። ገመዱ ይበጠስ አይበጠስ እንደሆነ ለማየት ኡሪ ጠጠሯን ጣለ፤ አንድ ወጣ። ከአንድ የባሰ ቁጥር የለም። በጨዋታችን ደግሞ የሞተ ሰው አይመለስም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሞሪያ የምር አለቀሰች። ሻሌቭ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔም «በቃ፣ አባተ ሞተ። ለእምዬ ግን እንዳትነግሯት፤ ሰንበቷን እንዳናበላሽባት» አልኩ።

ለካስ በዚያች ሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ጌጥነሽ ሚክላቱ ውስጥ ያስቀመጡትን ወንበር ሊወስዱ ወርደው በሩ ላይ ደርሰው ኖሯል። የእኛን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በእንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ሐዘንተኛን ማን ሞተብህ ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። የሰማ ሰው እንዳልሰማ ይመለሳል፣ ለሽማግሌ ይነግራል፣ ሽማግሌ ቀን ይቆርጣል፣ ባለቤቱ እስኪረዳ ድረስ ሰፈሩ አፉን ይዘጋል። እትዬ ጌጥነሽም ወንበራቸውን ትተው ድምፅ ሳያሰሙ ተመለሱና ለአባ ዳኘው ነገሩ። አባ ዳኘው የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ በዓርብና በሰንበት መርዶ አይነገርም ብለው ለእሑድ ማለዳ ቀጠሩ።

ዓርብ ዕለት እሳቸውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው ቆዩና፣ እሑድ በጠዋት ወደ እናትሽ እንመጣለን፣ አንቺ ብቻ በርቺ አሉኝ። እኔ ወደ ኢየሩሳሌም ለስግድ ስለምንሄድበት አውቶቡስ ሊመክሩ መስሎኝ እሺ፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። አይ፣ ለእኛ ተዪው አሉኝ። ቅዳሜ በምኩራብ ሰው ሁሉ ቦታ ይለቅልኛል፤ የማላውቃት ሴትዮ ትከሻዬን ትደባብሳለች። አዲሱ ቀሚሴ አምሮብኝ ነው አልኩ። ሞኝ እህት ነው ያለችህ።

እሑድ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ ስልክ ተደወለ፤ ቶሎ ወደ እናትሽ ቤት ነይ፣ ሌላ ቃል የለም። እምዬ አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም፤ ሞሪያ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከኋላዬ ትሮጣለች። ደረጃው ነጠላቸውን ባጣፉ ሴቶች ተሞልቷል። ገፍቼ ስገባ እምዬ መሐል ቤት ቆማለች፣ በሕይወት አለች። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ አባ ዳኘው እምዬን በስሟ ጠርተው ተናገሩ።

«ሙላቷ፣ እንግዲህ አባተን የሰጠ አምላክ ወስዶታል።»

እምዬ አልጮኸችም። «የእኔ አባተ?» ብቻ አለችና ወደቀች። እኔም ወደቅሁ። ከጎንደር ወሬ መጥቶ ከእኔ የደበቁት መሰለኝ እንጂ ሚክላቱማ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። የታየኝ ያ ከጎንደር ወደ እስራኤል የወጣንበት ቀን ነው። ሁላችንን ወደ አውቶቡሱ አሳፍረህ፣ ሻንጣችንን ጭነህ፣ አንተ ገና ነህ ተብለህ በሩ ላይ ስትቀር። ጋቢህን እያውለበለብህ ስትስቅ ነበር፣ እኛ እንዳናለቅስ ብለህ። ከዚያ ወዲህ ሳላቅፈው ቀረ ብዬ ደረቴን መታሁ። እወድሃለሁ አያ አባተ፤ በደኅናው ቀን ይህን ብዬህ አላውቅም።

ሞሪያ ናት የነቃችው። ማን እንደነገራቸው ጠየቀች። እትዬ ጌጥነሽ እያለቀሱ፣ እናትሽ ናት እንጂ፣ ሐሙስ ሚክላቱ ውስጥ በጆሮዬ ሰማሁ፣ አንቺም ስታለቅሺ ነበር አሏት። ልጅቷ ቦርሳዋን ጣለችና እምዬን አቀፈቻት። «ሳፍታ፣ አያቴ፣ የጨዋታው አባተ እኮ ነው የሞተው» አለች።

እምዬ ግን አላመነችም፤ ልጅቷ አዝናልኝ ልታባብለኝ ነው፣ ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም አለች። ደወልን፤ ስልክህ ዝግ ነው። ደገምን፤ ዝግ ነው። አባ ዳኘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይቶ ጠራ፤ አነሣህና ከመናገርህ በፊት ጉሮሮህን ጠረግህ። እምዬ ያመነችው ያኔ ነው። የእራትህ ጥያቄ ለበለጠ ማረጋገጫ ነበር፤ የሞተ ሰው ሽሮ አይበላም። የሰማኸው ጫጫታ ሴቶቹ እየሳቁ ሲያለቅሱ ነው። ለለቅሶ የመጣው ዳቦና ወጥ ለደስታ ተበላ። እትዬ ጌጥነሽ አፍረው ቤታቸው ቢገቡ እምዬ አስጠርታ ከሁሉ በፊት ያጎረሰችው እሳቸውን ነው።

ከስግድ በኋላ በነበረው ሐሙስ ደግሞ እምዬ የሞሪያን ትከሻ ይዛ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ ሚክላቱ መጣች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ ተመለከተችና የቆምክበትን ቦታ አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። ሰዉ የሚሻገረውስ ወዴት ነው አለች። ወደዚህ፣ ወደ ከተማው አልኳት።

«እሱስ መቼ ነበር የሚሻገረው?»

ስፈጥረው ሥራው ማሻገር ብቻ ነበር።

«አገሩን የሠራሽው አንቺ፣ በሩን የሠራሽው አንቺ፤ ከልካይ የለብሽ። ታዲያ ወንድምሽን ለምን ማዶ ተውሽው?»

በዚህ በምንኖርበት ዓለም ቢሆን ብዙ መልስ አለኝ፤ ቢሮው፣ ወረፋው፣ የመንግሥት ነገር። በራሴ አገር ግን አንድም መልስ አጣሁ። የማውቀው አባተ በር ላይ የቀረ ስለሆነ ሌላ አባተ መፍጠር አልሆነልኝም ነበር። ያን ያህል ለምጄዋለሁ ማለት ነው፤ ይህ ነው እንባዬን ያመጣው።

ኡሪ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ የሞተን ሰው ለቅሶ አይተን ከመለስን ከእንግዲህ አገሩን ማንም አያምነውም ብሎ በትሕትና ነገራት። እምዬ አልተቆጣችም፤ ልክ ነህ ልጄ፣ የሞተ አይመለስም አለችው። ከዚያ ሬሳውን ያየ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ተያየን፤ ማንም አላየም። ውኃው ነው የወሰደው አልናት። ጣቷን ወንዙ ላይ አሳርፋ ቀስ እያለች ተከተለችው፤ በተራራው ሥር ዞራ፣ በገበያው ጎን አልፋ፣ ኡሪ ባስቀጠለኝ ወረቀት ላይ ወርዳ ወደቡ ላይ ቆመች። ይህ የማን ወገን ነው አለች። የእኛ ነው እምዬ፣ ከተማው ነው አልኳት።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? ሂዱና ፈልጉት።»

ኡሪ ጠጠሯን አቀበላት፤ በልጄ ነገር ጠጠር አልጥልም ብላ መለሰችለት። እኔም ሳልጥል ተናገርኩ። ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ሲጨምቅ አገኛችሁት አልኩ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኡሪን ቀና ብሎ አየና «የማን ልጅ ነህ?» አለው። ኡሪ እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰባት ቤቱን ሳያቋርጥ ቆጠረለት።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልህ አባ ዳኘው ራሳቸው ናቸው። ዘመድ ልጠይቅ ነው ይላሉ እንጂ እጅህን በእጃቸው ካልጨበጡ ልባቸው አያርፍም። እባክህ ሲያዩህ ሳል እንኳ እንዳታስል። እቴ ያለምዘውድን ሳምልኝ። ማላኪን ኡሪ ክሬኑ ላይ አወጣሃለሁ ብሎሃል በለው። ሹላሚትን አክስትሽ አገር አላት፣ አንቺንም ታስገባሻለች በልልኝ። ሞሪያ፣ ኡሪና ሻሌቭ ሰላም ይሉሃል። እትዬ ጌጥነሽም ዕድሜ ይስጥህ ይሉሃል፣ በጣም ደጋግመው።

እምዬን ምን ልጻፍለት ስላት ብዙ አላለችም። «ጋቢው ደርቋል፣ አጥፌ አስቀምጬለታለሁ በይው» አለችኝ።

እዚህ ኢዲት የምባለው፣ ላንተ ግን ያው ይታይሽ የሆንኩት እህትህ

አሽዶድ፣ ሮቫ ዛይን
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.