ግራ እጄ ነፃ ነበረ

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቀኝ እጄን በግራዬ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣቶቼ ራሳቸውን ችለው ይጽፋሉ፤ እነሱ ደህና ናቸው። ሆድሽን ላባባው ብዬ አይደለም የምነግርሽ። በየእሑዱ ስትደውይ «ክንድሽ እንዴት ነው?» ትይኛለሽ፣ እኔም «ደህና ነው» እልሻለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። ሦስት ዓመት እንዲህ ዋሸሁሽ። ይህኛው ግን ትንሹ ውሸት ነው።

አክስትሽ ስለ አንቺ ልታጫውተኝ ትናንት ደውላ ነበር። «ሕፃኗን አንዴ ያዢልኝ ስላት እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች፤ ‹እጄ አይታወቀውም፣ እሰብራታለሁ› ትላለች። እኔ ሽንት ቤት እንኳ ልጄን ይዤ ነው የምገባው» አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ የታጠበውን ሰሃን ሁሉ መልሼ አጠብኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጁጂትሱ የሚባለውን የትግል ስፖርት ስትጀምሪ እኔ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮህ ነበር። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «እማ፣ የማታውቂውን አትጩሂ፣ ሰው ይስቅብሻል» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። በማግስቱ ሄጄ ቅዳሜ ጠዋት ለወላጆች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገብኩ። ቅጹ ላይ «ጉዳት አለብዎት?» የሚል ጥያቄ ነበረው፤ «የለም» ብዬ ሞላሁ። በምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እርጥብ ወለል አንሸራቶኝ ትከሻዬ ወልቆ እንደነበር፣ ሐኪሙም ጫና እንዳላበዛበት አስጠንቅቆኝ እንደነበር አሰልጣኙ አላወቀም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እጄ ወደ ኋላ አልዞር ሲለኝ ፀጉሬን የምታስሪልኝ አንቺ ነበርሽ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሻል? አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከላዬ ተኝቶብኝ መውጫው ጠፋኝ። ሰውየው ተጨንቆ «እህቴ፣ አለሽ?» ይለኛል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ በሳቅ ፈርሰሽ ነበር። ሥራ ቦታም አንሶላ ስናጣጥፍ ሴቶቹ «ኧረ ራቅ በሉ፣ ትገለብጣችኋለች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ከአንቺ ጋር የማወራው ነገር አግኝቼ ነበራ።

ክለቡ ውስጥ በኪሎ አንቺን የምታክል ሴት ልጅ ስላልነበረች፣ ሳሎን ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን የምትለማመጂው በእኔ ላይ ሆነ። ክንድ ቆልፎ መዘርጋቱን ትወጂው ነበር። ደንቡን የማያውቅ የለም፤ የተያዘው ሰው ሲበቃው በነፃ እጁ ምንጣፉን መታ መታ ያደርጋል፣ ያዡም ወዲያው ይለቃል። አንቺ ግን ገና ሳልመታ ትለቂኝ ነበር። ትከሻዬ ሊያመኝ ሲል፣ ፊቴ እንኳ ሳይለወጥ፣ ይታወቅሽ ነበር። ታዝኚልኝ ነበር። እኔም ማዘንሽ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ ለካ እጅሽን ቀድሞ መልቀቅ እያስለመድኩት ነው።

በውድድሩ ቀን የዚያችን ረጅም ልጅ ክንድ ይዘሽ ዘረጋሽው። አለቀላት ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። እሷ ሳትመታ፣ ዳኛው ሳያስቆም፣ ለቀቅሻት። ሾልካ ወጥታ ከላይሽ ሆነች፣ ተሸነፍሽ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ለምን ለቀቅሽ?» ብዬ አፋጠጥኩሽ። አንቺ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሽ «እኔ እንጃ እማ። ያንቺ ክንድ መሰለኝ» አልሽ።

ሌላ እናት ብትሆን እዚያው አቅፋሽ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። በአንቺ ይሁን በትከሻዬ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ምንጣፉን ዘርግቼ «ዛሬ እስክመታ ድረስ አትለቂም» አልኩሽ።

«ትከሻሽስ?»

«ትከሻዬን ለኔ ተይልኝ። ከለቀቅሽ ካሁን በኋላ ከእኔ ጋር ልምምድ የለም።»

ቀኝ ክንዴን ያዝሽ። ሕመሙ ሲመጣ እጅሽ ላላ አለ። «ይበቃል?» አልሽኝ። «ገና ነው፣ አጥብቂ» አልኩ። አጠበቅሽ። ከዚያ በኋላ ያን የትከሻዬን ድምፅ ሁለታችንም ሰማነው።

«መትተሽ ነበር? እማ፣ መትተሽ ነበር? አልሰማሁም» እያልሽ ጮህሽ። አባትሽ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጥቶ በላያችን ቆመ። ይህን ነገር ተዪ እያለ ስንት ጊዜ ለምኖኝ ነበር። እሱን ቀና ብዬ አየሁና ላንቺ «አዎ፣ መትቻለሁ» አልኩሽ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ሲጠይቅ ቀድመሽ የመለስሽ አንቺ ነሽ። «እናቴ መትታለች። እኔ ነኝ ያልለቀቅኳት» አልሽው። አልጋው ላይ ተኝቼ እሰማሻለሁ። እሱም ቀና ሳይል ጻፈው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አዘነልኝ፣ ደግነቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ልንገርሽ፣ ጣመኝ። አንቺ የልምምድ ልብስሽን ከነቀበቶው አጥፈሽ በላስቲክ ከረጢት አስረሽ በሩ ሥር አስቀመጥሽ። ትምህርት ሲዘጋ አክስትሽ ጋ ሄድሽና በዚያው ቀረሽ። ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ልጄ፣ አልመታሁም። ግራ እጄ ነፃ ነበረ። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ጊዜም ነበረኝ። እስከ መጨረሻው መያዝ ትችዪ እንደሆነ ልይ ብዬ እጄን አላነሳሁትም። አንቺ ያልሰማሽው የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአባትሽ ነገርኩት። «ለእሷስ ነግረሻታል?» አለኝ። «አልነገርኳትም» አልኩት። «ታዲያ እዚህ እኔ ጋ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ያቀረበልኝም እሱ ነው።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። የፊታችን እሑድ ባትደውይ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ አልቀየምሽም። ብትደውይም ስለ ክንዴ አትጠይቂኝ።

ግን ሕፃኗን ታቀፊያት። እጅሽ ያውቃል። ያን ቀንም አውቆ ላልቶ ነበር፤ አጥብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ያልመታችው እናትሽ