የታጁን ቤት ሸጥኩት

አማረች እህቴ፣

ካርዱ ላይ ያለው የኬፕታውን ተራራ ነው። አናቱ እንደ አውድማ ለጥ ያለ ነው፤ ሰዉ ከፍሎ በገመድ ተንጠልጥሎ ይወጣዋል። እኛ ጉናን በነፃ ስንወጣ ማን ጉድ አለ?

ወንድሜ ታጁ ታሞ ወደ አገር ሲገባ እዚህ ትቶት የሄደውን ቤት ሸጥኩት። በማግስቱ ጀላል የሚባል የአገራችን ሰው ሱፉን ግጥም አድርጎ ሻይ ቤት ጠራኝ።

«ለሰው አገር ግብር የምትከፍዪው ምን በወጣሽ? ገንዘቡን ለእኔ ስጪኝና ነገ መካነ ኢየሱስ በብር ይደርሳል» አለኝ።

«ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?»

«በአገር ልጅ መካከል ደረሰኝ ነውር ነው።»

የወገዳ ገበያ የበሬ ደላላ እንኳ ሲዋሽ መሬት መሬት ያያል፤ ይኼ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። ታጁ ለዚያ ቤት ሲል ቀን ከሌት ሠርቶ ኩላሊቱን ጨርሷል፤ የሚታከመውም በዚሁ ገንዘብ ነው።

«የታመመ ሰው ገንዘብ በአንተ ኪስ አይጓዝም» ብዬው ተነሳሁ።

«የምክሬ ዋጋስ?» አለኝ ሳያፍር። የአገሩን ሁሉ ገንዘብ አሻጋሪ ነኝ ባዩ ለሻይ የሚከፍለው አጥቶ ኪሱን ሲዳብስ እኔው ከፈልኩለት።

ግብሩን በጠበቃ በኩል ከፈልኩ። አንጀቴን ቆረጠኝ፣ አልዋሽሽም። የግብሩ ማረጋገጫ ሲወጣ ግን ባንኩ የቀረውን ላከለት። ዛሬ ታጁ ደውሎ «ገንዘቡ ገባ» አለኝ እያለቀሰ።

ቦታ አልቆብኝ በጠርዙ ነው የምጽፈው። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ታጁንም ሄደሽ ጠይቂልኝ፤ ጀላል የምክር ዋጋ ብሎ ከደወለለት ስልኩን ተቀበዪውና ያንቺን ምላስ ይቅመሳት።

ሪሃና