የሐውልቱ እጅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ቀልዷን አልተወችም።

እኛ ሳንወለድ እማዬን አስቁመው የሠሩት የመናፈሻው ሐውልት ትዝ ይልሃል? ሙሽራ ሁሉ ገድ ነው እያለ ሲጨብጠው፣ እጁ አልቆ ማንኪያ መስሏል። ሰሞኑን አንድ ቀራፂ ሊጠግነው ፈልጎ፣ የእማዬን እጅ በሰም ሊቀዳ ቤት መጣ። እሷም እንዳይወልቅ ክር የጠመጠምኩበትን ቀለበቷን አውልቃ፣ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ዘረጋችለት። አገላብጦ አየውና ሰሙን መልሶ ጠቀለለ።

“ከድሮ ፎቶዎ ብሠራው ይሻላል፣ እናቴ” አላት።

“ምነው፣ አስጠላሁህ?” ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ፎቶው አንተ ጋ ነው። በፖስታ እንዳትልከው፤ ራስህ ይዘኸው ና። እማዬ “ሥራ ይበዛበታል፣ አታስቸግሪው” እያለች ትቆጣኛለች። አገላብጣ ትስምሃለች። ቀራፂው አልቸኩልም ብሏል፤ አንተ ግን ቶሎ ና።

እህትህ