አልለቅም ያለው ስፒና

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ደህና ቀን። በታክሲዬ አምስት ጊዜ ወደብ ወረድኩ፣ አምስት ጊዜ ወጣሁ። ቱሪስቱ አልቋል፤ አሁን የምጭነው የደሴቱን ሰው ነው። የወይራ ጆንያ፣ የወይራ ጆንያ፣ አንድ ፍየል፣ ደግሞ የወይራ ጆንያ። "እንደ ድመት ድምፅሽን አጥፍተሽ ትመጫለሽ" ይሉኛል የወደቡ ሹፌሮች። ይበሉ! የኤሌክትሪክ መኪናዬ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። ቤንዚን በመርከብ እስኪመጣ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ሰክቼ እተኛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ጉድ ሆንኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዱሜ የጨው ሰርዲን በባልዲ ጭና ክዳኑን... አልገጠመችውም። የኋላው ዕቃ መጫኛ በሙሉ የዓሣ ጨው ውሃ። ሽታው! ነገ ማን ይሳፈርልኛል?

አባዬ መጥቶ አሸተተ። "ይሄ የጨርቅ ወለል ምንም አይረባም። ጣውላ አለብስልሻለሁ፤ እንደ ጀልባ።" ሃምሳ ዓመት ጀልባ የሠራ ሰው እምቢ አይባልም። መኪናዋን ግን እስከ ዛሬ ተሳፍሮባት አያውቅም። "ድምፅ የሌለው ነገር አላምንም" ይላል። እሱስ? ስለ ዓይኑ አንዲት ቃል ተንፍሶ ያውቃል? ዛሬ እራት ላይ ወይኑን ከብርጭቆው ውጪ ቀዳው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ጨረሰ! አራት ቀን ፈጀበት። ወለሉም ጎኑም ጣውላ፤ በየመጋጠሚያው ቃጫ፣ በቃጫው ላይ ሬንጅ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት። ጠብ ያለ ነገር የለም። "መኪናሽ ባሕር ብትገባ በኋላዋ ትንሳፈፋለች" አለ። ኮራ። እኔም ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሲሠራ ሳየው ግን... በዓይኑ አይደለም የሚሠራው። በጣቱ ነው። ሚስማሩን ዳብሶ፣ ጠርዙን ዳብሶ፣ ከዚያ መዶሻ። አንድም ጊዜ አልሳተም።

እየሠራ ፋብሪካውን ሲሳደብ ነበር። "ሥራቸውን ሳይጨርሱ ነው የሸጡልሽ። ክር እንኳ እንደተንዘላዘለ ትተውታል።" የሱ ነገር! የተንዘላዘለ ገመድ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ጀልባ ላይ ልቅ ገመድ የሰነፍ ምልክት ነው ይላል። ልጅ ሆኜ የጫማዬ ማሰሪያ ሲፈታ "መልህቅሽ ወድቋል" ይለኝ ነበር። ሳቅኩና ሄድኩ። የምን ክር? ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

በመርከብ ከምንሻገርባት ከስፕሊት ከተማ ሆስፒታል ተደወለ። ተገኘ! ኖቬምበር 6፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት። ሰባት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ። ሐኪሟ ራሷ ናት የደወለችው። የግራ ዓይኑ ሞራ ገፍቷል፣ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ፈጥሯል። ይሄ ቀን ካመለጠ ቀጣዩ የሚገኘው በፀደይ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ብርሃኑ አይቆይም። አንዴ ከጠፋ ማንም አይመልሰውም አለች። የቀኙ በኋላ ተራው ይደርሳል።

ነገርኩት።

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"አሁን ትንሽ አያለሁ። ነካክተው ያቺንም ቢወስዱብኝስ?"

"ባይነኩህም ትሄዳለች እኮ አባዬ!"

"ስትሄድ ትሂድ። ቤቴ ቁጭ ባልኩበት።"

ግትር! እኔስ ከማን ወረስኩት?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ዛሬም አልሄድም አለ። ዛሬም ትሄዳለህ አልኩት። ቆስጣ በድንች በላን።

እሁድ፣ ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። መቃብሩ ሁሉ ሻማና አበባ። አባዬ የእማዬን አበባ ይዞ ቀድሞኝ ገባ፤ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ስደርስ አበባውን አስቀምጦ፣ ሻማውን ለኩሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

የማን መቃብር ላይ? የስቲፔ! በአንድ መረብ ተጣልተው ሠላሳ ዓመት ያኮረፈው ሰው! እማዬ ከጎኑ ናት፣ ባዶዋን።

ምን ልበል? ዝም ልበል? ሳልወስን እትዬ ዱሜ ከኋላዬ ደረሰች። "ወይ ጉድ ፕሮስፐር! ከስቲፔ ጋር ታረቃችሁ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ወዲያው ገባትና አፏን ያዘች።

አባዬ ድንጋዩን ዳበሰ። የተቀረጸውን ስም በጣቱ አነበበ፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ አበባውን አንስቶ ለእማዬ አዞረው። ሻማውን ግን ለስቲፔ ተወለት።

ስንመለስ መንገድ ላይ...

"መቼ ነው ያልሽው?"

"ሐሙስ።"

"እሺ።"

  ቤት እንደገባሁ የመርከቧን ሰዓት አየሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ ጨው ይዞ እስከ ግቢያችን ይደርሳል። መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። መኪናዋን ሰካኋት። የነገዋ መርከብ አንድ ሰዓት ላይ ናት፣ ጠዋት ያለችው እሷ ብቻ። ወደቡ ሃያ ደቂቃ። ሁሉም በእቅድ ነው፣ እኔ ያቀድኩት ነገር ደግሞ ዝንፍ አይልም። አባዬ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። አንዱን እጅጌ ብቻ። ሌላኛውን ሳያየኝ ተኮስኩለት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ስፕሊት፣ ሆስፒታል ኮሪደር። አባዬ ውስጥ ነው። የምጽፈው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ስፒናውን ልነቅል ያዝኩ። አልነቃነቅም አለ። ሪሞቱን ተጫንኩ፤ ከውስጥ ጠቅ አለ፣ ስፒናው እንዳለ። መኪናዋን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ጠቅ። በስክሪኑ አዘዝኩ። ጠቅ። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ አጠፋሁ። ገፋ አድርጌ ሳብኩ። በሁለት እጄ ሳብኩ። እግሬን መኪናዋ ላይ ተክዬ ሳብኩ። ምንም! ስፒናውን የምትቆልፈው ትንሽ ብረት ጨው በልቷት ይሁን ምን፣ ከቦታዋ አልተነሳችም። ስፒናው እንደተሰካ ደግሞ መኪናዋ አንድ ስንዝር አትሄድም፤ አሠራሯ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ስፒናን የረሳው ማነው?

አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። 

እትዬ ዱሜ በመስኮት ብቅ አለች። "መርከበኛውን ቪኮን ጥሪው፣ በራሱ መኪና ይምጣ!" ሃያ ደቂቃ መውጫ፣ ሃያ መውረጃ... መርከቧ ሄዳለች። መንደራችን ውስጥ በክረምት ያለችው መኪና የእኔ ብቻ ናት። የማንን በር ላንኳኳ?

የመኪናዋ እርዳታ መስመር ደወልኩ። ሴት ናት፣ ድምጿ የረጋ። "አይጨነቁ እህቴ። በእጅ መልቀቂያ አለው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ከዚያ የኋላውን ይክፈቱ። በስተቀኝ፣ ከጨርቁ ኋላ፣ ቀይ ገመድ ተንጠልጥሎ ያገኛሉ። ቀስ አድርገው ሲስቡት ስፒናው ይለቃል።"

ከፈትኩ። የምን ቀይ ገመድ? ጣውላ! ከጥግ እስከ ጥግ ጣውላ፣ ቃጫ፣ ሬንጅ። ውሃ የማያስገባ ጣት ያስገባል?

"የለም" አልኳት።

"ይኖራል እህቴ። ሁሉም ላይ አለ።"

ካቻቪቴ አምጥቼ መጋጠሚያው ላይ ገፋሁ። ካቻቪቴው ተጣመመ። የአባዬ ሥራ ነው፣ ምን ይጠበቃል? ደግሞስ የቱን ልፈልቅቅ? ጎኑ አራት ጣውላ ነው፣ ከኋላው ሽቦ አለ። በጭፍን ብመታ ምኑን እንደምቆርጥ አላውቅም። አሥራ ሁለት ተኩል አለፈ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "በቃ" አልኩ። 

"ፔሪና" አለ አባዬ። "መሮውን አምጪ። ሰፊውን።"

"ምን ልታደርግ?"

"ቀይ ይሁን ጥቁር አላየሁም። ግን ገመድ ነበር። ተንዘላዝሎ አገኘሁት። ቋጥሬ ከሁለተኛው ጣውላ ኋላ ወሸቅኩት። የሰነፍ ሥራ መስሎኝ።"

ተናደድኩ? እንዴታ! "አባዬ!" ብዬ ስጮህ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ።

"ኋላ ትሰድቢኛለሽ። አሁን መሮ!"

ኮቱን አወለቀ። በጣቱ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት። መሮውን መጋጠሚያው ላይ ተከለ። ያን ያማረ ጣውላ፣ የአራት ቀን ልፋቱን፣ በሦስት ምት ሰነጠቀው። አንድም ሽቦ አልነካም። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ትንሽ ፈለገ። "ያውልሽ" አለ። የራሱን ቋጠሮ ራሱ ፈታ።

"እኔ ገመዱን ልያዝ፣ አንቺ ስፒናውን። ቀስ! ገመድ አይነጠቅም።"

ሳበ። ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ስፒናው ዝም ብሎ እጄ ላይ መጣ። ምንም እንዳልነበረ! እኔ ያን ያህል ስታገለው...

አሥራ ሁለት ከአርባ። አባዬ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ከፊት። ሬንጅ በእጁ፣ ሬንጅ በተተኮሰው ሸሚዙ። እትዬ ዱሜ "እኔ ለቪኮ እደውላለሁ፣ ሂዱ!" ብላ አባረረችን። ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ አባዬ መያዣውን ጨብጦ "ቀስ በይ፣ ያለኝ አንድ ዓይን ነው" አለ። በዚያ ሰዓት ይቀልዳል!

ስንደርስ አንድ ሰዓት ከሦስት። የመርከቧ መወጣጫ አልተነሳም። ቪኮ መሃሉ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። "ለጋሼ ፕሮስፐር አምስት ደቂቃ እሰጣለሁ" አለኝ። "ለአንቺ ግን አንዲትም!"

አሁን ዝም ብዬ ስቀመጥ አንድ ነገር መጣብኝ። አባዬ ዝም ቢል ኖሮ ቤቱ ቀርቶ ነበር አይደል? መኪናዋ ራሷ እምቢ ብላለት ነበር። ያ ሁሉ ደቂቃ በሩ ላይ ሲቆም ምን ያስብ ነበር?

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ናት...

ደህና ነው። ደህና ነው!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

የዓይኑ መሸፈኛ ተነሳ። ትክ ብሎ አየኝ። እኔ ምን እንደሚል እጠብቃለሁ።

"ፀጉርሽ ሸብቷል" አለ።

"አዎ አባዬ።"

"መቼ?"

 ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሬንጅ ያልለቀቀው ጣቱን ዘርግቶ ሽበቴን ነካ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ጋራዡ ያቺን ቆላፊ ብረት ቀየረልኝ። አባዬ ግን የጋራዥ ሥራ አያምንም። የተሰነጠቀውን ጣውላ አስተካክሎ ትንሽ በር አደረገው፤ ማጠፊያው ከቆዳ። ቀዩ ገመድ በበሩ ቀዳዳ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ የመረብ ቡሽ አስሮበታል፣ በጨለማም በእጅ እንዲገኝ። ልቅ ገመድ! ፕሮስፐር! ሆን ብሎ! ሦስት ጊዜ ሰክቼ ሦስት ጊዜ በገመዱ እንድነቅል አደረገኝ። እትዬ ዱሜንም ጠርቶ አስለመዳት። መኪና የሌላትን ሴት!

እየላገ ሳለ ጠየቅኩት።

"ያን ቀን ዝም ብትል ቀርተህ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አስበኸው ነበር?"

"ካቻቪቴው እስኪጣመም ድረስ አስቤው ነበር።"

"ታዲያ?"

"'በቃ' አልሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ ከአፍሽ ሰምቼው አላውቅም። ደነገጥኩ።"

መላጉን ቀጠለ። ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። በነፋሱ አላሳብብም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

በአጭሩ ልጻፍ። ዛሬ የቀኝ ዓይኑ ቀጠሮ ነው። ማን ያዘው? ራሱ! ባለፈው ሳምንት ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ፣ ራሱ ደውሎ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ የቀረ ታካሚ ቦታ አግኝቶ። እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ከግቢ ጩኸት። "ፔሪና! ነቅያታለሁ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

በመስኮት አየሁ። የቻርጁ ኬብል እንደ ጀልባ ገመድ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባዬ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ። መርከቧ ልትነሳ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራታል።