የታጠበችው ንብ

እህት ዓለም፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ድልድይ እስካሁን አላየሁትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አሳታሚዎቹ ቢሮ ተጎልቼ እየተንጨረጨርኩ ነው። የልጆች መጽሐፌን ምን እንዳደረጉት ልንገርሽ? ንቧን አጥበዋታል! ሠዓሊዋ ስንት ቀን ነጥብ በነጥብ የሣለችውን፣ ንቧ ከአበባ አበባ የምታመላልሰውን ቢጫ ብናኝ ከእግሯም ከሆዷም ጠራርገው አጠፉት። ታሪኩ እኮ እሱ ነው! አርታኢው ግን ምንም ሳያፍር፣ «ወላጆች የቆሸሸች ንብ አይገዙም» አለኝ። «ታዲያ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ዱባ በምን አፈራ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁም» አይለኝ መሰለሽ!

ያንቺዋ ልጅ ጠይቃ የለም እንዴ? ጓሯችሁ የዱባ አበባ አሽትታ፣ አፍንጫዋ ቢጫ ሆኖ፣ «ንቧም እንደኔ ትሆናለች?» ያለች ቀን አይደል መጽሐፉን የጀመርኩት?

«ንቧን ከነቆሻሻዋ ካልመለሳችሁ አልፈርምም» ብዬ ብድግ አልኩ። አርታኢው ሊሸኘኝ ወጣና የቢሮ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አበባ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል ከአፍንጫው እስከ ጢሙ ቢጫ ሆኗል። ጸሐፊዋና እኔ ተያየን። እንደዚያው ሆኖ ስብሰባ ገባ።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለልጅሽም፣ «ብናኙን ከመጽሐፉ ቢያባርሩት በአርታኢው አፍንጫ ተሳፍሮ ስብሰባ ገብቷል» በያት።